ምዕራፍ ሰባት፦ ባለቤት ያጣው ሳህን

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ አዳማ ውስጥ ሆስፒታል በር ላይ ለሩብ ሰዓት የቆመ ሰው የከተማዋን ጓዳ በሙሉ አሽትቶ ይጨርሳል። ባጃጅ ባጃጅን ይከተላል። ከእያንዳንዱ አንዲት እናት ወይም አንድ ጎረምሳ ይወርዳል፤ በአንድ እጅ በፎጣ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ፔርሙስ። ጥበቃው ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ያይና ያሳልፋል። ሽሮ አለ፣ አልጫ አለ፣ የአጥንት መረቅ አለ፣ የገብስ አጥሚት አለ፣ ከባቱ የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ይኖራል።

በዚያው በር መድኃኒትም ይገባል። መድኃኒቱ ግን ስም፣ መጠን፣ ሰዓትና የሰጪው ፊርማ አለው። በምዕራፍ አራት ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ስንነጋገር አምስቱን «ትክክል»ዎች ዘርዝረን ነበር፦ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓቱ። ምሳ ዕቃውን በዚህ ሚዛን ብናየው ከአምስቱ አንዱንም አያሟላም። ምግቡን የበላው ታካሚው ይሁን አስታማሚው፣ ግማሹ ተርፎ ይሁን ሙሉው ተደፍቶ፣ ካርዱ ላይ ምንም ምልክት አይገኝም።

ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝ አጎቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆው ካሉት ከተሞች በአንዱ ለአንጀት ቀዶ ሕክምና ተኝቶ ነበር። በገባበት ቀን ማታ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሃም እንዳይቀምስ» ተባልን። በማግሥቱ ከአውራ ጎዳናው የመኪና አደጋ ተጎጂዎች መጡና ተራው ለእነሱ ሆነ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ «የዛሬው ቀርቷል፣ ይብላ» የሚል መልእክት ደረሰን። ከቤት የመጣው ምግብ በርዷል፣ የእሱም የመብላት ፍላጎት ጠፍቷል፤ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ተወው። ማታ እንደገና «እንዳይቀምስ»። እንዲህ ሦስት ቀን ሄደ። በአራተኛው ቀን ተረኛዋን ነርስ፣ «ሲስተር፣ ከገባ ወዲህ ስንት ኪሎ ቀነሰ?» አልኳት። ካርዱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገላለጠችና ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ሲገቡ አልተመዘኑም» አለችኝ። ሠላሳ ያህል ታካሚ ይዛ ብቻዋን ስትሮጥ የምትውል ልጅ ናት፤ ልቆጣት አልቻልኩም።

ኋላ ላይ ደጋግሜ ያሰብኩበት ይኸው ነው። አጥፊ ብፈልግ አላገኝም። ቀዶ ሐኪሙ ከእሱ የባሰ ለተጎዳ ሰው ቅድሚያ ሰጠ፣ ነርሷ ትእዛዝ አስከበረች፣ ወጥ ቤቱ ምግብ አበሰለ፣ እኛም ስንቅ አመላለስን። ሁሉም የየራሱን ሠርቷል። የአጎቴ ሆድ ግን በማንም የሥራ ድርሻ ውስጥ አልነበረም።

እድሩ የሚያውቀው

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደሚሆን እናስታውስ። ጡሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም «ድንኳኑን ማን ይትከል?» ብሎ አይጠይቅም። ድንኳን የሚተክሉት ይታወቃሉ። ዕቃ ያዡ መጋዘኑን ከፍቶ ሳህኑን፣ ብርጭቆውንና ወንበሩን ቆጥሮ ያስረክባል፤ በሦስተኛው ቀን ቆጥሮ ይረከባል፤ አንድ ብርጭቆ ቢጎድል ያውቃል። ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ ሐዘንተኛዋ አጠገብ ተቀምጠው «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» እያሉ የሚያጎርሱት ሳይቀሩ የተለዩ ናቸው። እድር ይህን ሁሉ የደለደለው ሰዎች ደግ ስላልሆኑ አይመስለኝም። ደግነት ብቻውን ሁለት መቶ ሰው እንደማያበላ፣ «ሁሉም ያስብበታል» የተባለ ነገር ሳይታሰብ እንደሚያድር በልምድ ስላወቀ ነው።

በሆስፒታል «የሥነ ምግብ ድጋፍ ቡድን» የሚባለው በአጭሩ የሳህኑ እድር ነው። አንድ ሐኪም፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ፤ አንዳንድ ቦታ የወጥ ቤቱ ኃላፊም ይጨመራል። ሥራቸው አልጋ በአልጋ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ታካሚ ሦስት ነገር መወሰን ነው፦ ምን ያህል ምግብ ያስፈልገዋል? በየት በኩል ይግባ፣ በአፍ፣ በቱቦ ወይስ በደም ሥር? መግባቱንስ ማን ቆጥሮ ይጽፋል? ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የቡድኑ ሕይወት እሱ ነው እላለሁ፤ ሁለቱን ሐኪም ብቻውን ሊመልሳቸው ይችላል፣ ሦስተኛው ግን ያለ እድር አይመለስም።

ነገሩ የእኛ አገር ገበና ብቻ እንዳይመስልዎ። በአሜሪካ አላባማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ቻርልስ በተርወርዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የራሳቸውን ሙያ ሰዎች ክፉኛ ወቅሰዋል። ሐኪሞች በራሳቸው ሥራ ታካሚን እንደሚያስርቡ ከነምልክቶቹ ዘረዘሩ፦ ቁመትና ክብደት አለመመዝገብ፣ ለምርመራ እየተባለ ምግብ መከልከል፣ ለቀናት በግሉኮስ ብቻ ማቆየት፣ ታካሚው ምን ያህል እንደበላ አለማየት፣ ሁሉም የሚያየው ሆኖ አንድም ኃላፊ አለመኖር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ ሆስፒታል የገቡ 500 ታካሚዎች ሲመረመሩ 200ዎቹ ገና ሲገቡ በምግብ የተጎዱ ሆነው ተገኙ። ከእነዚያ ከ200ዎቹ ስለ አመጋገባቸው አንዲት መስመር እንኳ ካርዳቸው ላይ የተጻፈላቸው ከግማሽ በታች ነበሩ። ደንዲ የድርቅ አገር አይደለችም።

የግሉኮሱ ነገር

በተርወርዝ ከዘረዘሯቸው ውስጥ እኛ ቤት ሥር የሰደደው የግሉኮሱ ነው። «ግሉኮስ ተሰክቶለታል፤ ምግቡ እሱ ነው» የማይል አስታማሚ ጥቂት ነው። ጎረቤትም ሊጠይቅ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ከብረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ነው። ካለ «ሕክምና አገኘ» ይባላል።

እስቲ እናስላው። በየክፍሉ የሚሰቀለው የተለመደው ግሉኮስ 5 በመቶ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ ማለት ነው። ይህ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት 170 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ኪሎ ካሎሪ ማለት የምግብ ጉልበት የሚለካበት ስፍር ነው፤ ጤፍ በጣሳ፣ ዘይት በሊትር እንደሚለካው። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ከዚያ እጥፍ በላይ ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን፣ አልጋ ላይ የተኛ ሰው በቀን ቢያንስ 1,500 ያስፈልገዋል። በግሉኮስ ብቻ ላብላው ያለ ሰው በቀን ዘጠኝ ሊትር ሊሰቅል ነው፤ ልብና ሳንባው ያን ውሃ አይችለውም። ቢችለው እንኳ ከረጢቱ ውስጥ ሥጋ የሚሠራው ፕሮቲን ጠብታ የለበትም። ግሉኮስ ውሃ ለጠማው ሰውነት ትልቅ ነገር ነው። ምሳ ግን አይሆንም።

ምግብ ያልገባለት ታማሚ ታዲያ በምን ይኖራል? ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስኳር አንድ ቀን ገደማ ብቻ ይዘልቃል። ጤነኛ ጾመኛ ከዚያ በኋላ ወደ ስቡ ይዞራል፤ ሥጋውን እየቆጠበ ብዙ ቀን መቆየት ይችላል። በኢንፌክሽን ወይም በቀዶ ሕክምና የተመታ ሰው ግን ይህ ቁጠባ አይሆንለትም። በምዕራፍ ሁለት «የሰውነት እሳት» ያልነው መቆጣት ጡንቻውን ያነደዋል። ማገዶ ያለቀበት ሰው የጎጆውን ማገር እየነቀለ እንደሚማግደው ነው። ከሚነቀሉት ማገሮች መካከል የመተንፈሻ ጡንቻዎች አሉ። እነሱ ሲደክሙ ታማሚው አክታውን አስሎ መጣል ያቅተዋል፤ ሳንባ ምች ይከተላል። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም «ሳንባ ምች» ነው፤ ረሃቡ ስሙ አይነሳም።

ቡችሎቹ

ቡድን የሚባለው ነገር ታሪኩ አጭር ነው፤ አጀማመሩም ከደግነት ይልቅ ከጭንቀት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ፊላደልፊያ ውስጥ ስታንሊ ዱድሪክ የሚባል ወጣት ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ ቡችሎችን በአፋቸው ምንም ሳይሰጡ፣ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ልብ አጠገብ ባለው ትልቅ ደም ሥር እያስገቡ አሳደጉ። ቡችሎቹ በአፋቸው እየበሉ ካደጉት ወንድሞቻቸው እኩል ፋፉ። በ1967 አንጀቷ የማይሠራ አንዲት ጨቅላ በዚሁ መንገድ ተመገበች።

ዓለም ተደነቀ፣ ችግሩም ወዲያው መጣ። በስኳር የበለጸገ ፈሳሽ ለሰው ምግብ እንደሆነ ሁሉ ለጀርምም ድግስ ነው። ቱቦውን ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ሲነካካው ደሙ ይመረዝ ጀመር። መፍትሔው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ቱቦውን ከተመደበችው ነርስ በቀር ማንም እንዳይነካው፣ ፈሳሹን ከተመደበው ፋርማሲስት በቀር ማንም እንዳይቀምመው ማድረግ ነበር። መመረዙ ቀነሰ። በ1970ዎቹ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ያቋቋሟቸው ቡድኖች ከዚህ ወጡ።

አረንጓዴው ረሃብ

እኛ አገር መንገዱ ሌላ ነው፤ የጀመረውም ከሕፃናት ነው። በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍልና እሱ ያፈራው ፋፋ የብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ግን ሳህኑ ባለቤት ማግኘት የጀመረው በምግብ እጥረት ክፉኛ በተጎዱ ሕፃናት ክፍል ነው። ለዚህ የስምጥ ሸለቆው ዳር የራሱ ታሪክ አለው።

በ2000 ዓ.ም. በሻሸመኔና በሲራሮ በኩል በልጉ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ ዘነበና ማሳው በበቆሎ ለመለመ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ግራና ቀኙን እያየ «ጥጋብ ነው» ይል ነበር። በቆሎው ግን ገና አላፈራም፤ የቤቱ ጎተራ ካለቀ ወራት ሆኖታል። አረንጓዴ ረሃብ ተባለ። እናቶች እግራቸው ያበጠ ሕፃናት አዝለው መምጣት ጀመሩ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በሲራሮና በሻሸመኔ አካባቢ የሕክምና ምግብ ማዕከላት ከፈተ።

እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚያይ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስገርመው የምግቡ ትንሽነት ነው። ሕፃኑ አጥንቱ አግጥጧል፤ የሚሰጠው ወተት ግን ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ኤፍ 75 ይባላል፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ስላለው ነው። ለ6 ኪሎ ሕፃን በቀን 780 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ስምንት ቦታ ተከፍሎ፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። ብረት የለበትም፣ ፕሮቲኑም ጥቂት ነው። ሕፃኑ ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ብቻ ጠንከር ወዳለው ኤፍ 100 ወይም ለውዝ ወዳለበት ፕላምፒ ነት ይሸጋገራል።

አልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ወረቀት ይመልከቱ። መልቲ ቻርት ይሉታል። የጠዋት ክብደት፣ እብጠት፣ እያንዳንዱ ሲኒ የተሰጠበት ሰዓት፣ ምን ያህሉን እንደጠጣ፣ እንዳስመለሰ፣ የሰጠችው ነርስ ፊርማ። ከምዕራፍ አራት አምስቱ «ትክክል»ዎች እዚህ ሳህኑ ላይ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ይህን አሠራር በመመሪያ ከማውጣቱ በፊት በብዙ አገሮች ሆስፒታል ከገቡት እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከመቶው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። አሠራሩ በትክክል በተያዘበት ቦታ ቁጥሩ ከአሥር በታች ወርዷል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሐዲያ ባደዋቾ ወረዳ 170 ሕፃናት አብዛኛውን ሕክምናቸውን ቤታቸው ሆነው እንዲወስዱ ሲደረግ ደግሞ የሞቱት ከመቶ 4 ያህል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለው ሕክምና ወደ ጤና ኬላ ወርዶ በኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ገብቷል፤ ሆስፒታል የቀረው የጠናባቸው ክፍል ነው።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ለአንድ ነገር ነው። ኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ቡድን ምን እንደሆነ ታውቃለች። እየሠራችበት ነው። ከሕፃናቱ ክፍል ኮሪደሩን ተሻግሮ አዋቂዎች ወደተኙበት የሚገባ ሰው ግን በአብዛኛው ወረቀቱን አያገኘውም፤ ምሳ ዕቃውን ብቻ ያገኛል።

መብራት ሲመለስ

የሕፃናቱ ወተት ለምን በሲኒ? ለተራበ ልጅ ለምን ጠገብ አድርገው አይሰጡትም?

መብራት ሦስት ቀን የጠፋበትን ሰፈር ያስቡ። መብራቱ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ምጣዱ ሁሉ ይሰካል፤ ፍሪጁ፣ ካውያው፣ የውሃ ማሞቂያው። ባልቦላው ይወርዳል፣ ሲብስ ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል፤ ሰፈሩ ተመልሶ ጨለማ ነው። ለቀናት የተራበ ሰውነትም እንዲሁ ማሽኑን ሁሉ አጥፍቶ ነው የቆየው። ድንገት ብዙ ስኳር ሲገባለት ሴሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ ለመሥራት የሚያስፈልጋቸውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ጨዎች ከደም ውስጥ ይስባሉ። ደሙ ይራቆታል። ልብ ያለ እነዚህ ጨዎች በሥርዓት አትመታም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምርኮ ወጥተው ምግብ ያገኙ ሰዎች ላይ ሐኪሞች ይህን አይተዋል፤ ረሃቡን ተርፈው ማዕዱ ገደላቸው።

አባቶቻችን ስለ ፎስፌት የሰሙት ነገር አልነበረም። ግን ሁዳዴን የጾመ ሰው የፋሲካ ሌሊት ዶሮው ላይ ከመውደቁ በፊት ተልባ እንዲጠጣ አድርገዋል፤ «ሆድ ይለስልስ» ብለው።

አዋቂ ታካሚም ከዚህ አያመልጥም። ከአምስት ቀን በላይ እምብዛም ያልበላ ሰው ሲጀምር በግማሽ ይጀመርለታል፤ አሥር ቀን ያለፈው ደግሞ ከዚያም ባነሰ፤ ቫይታሚን ቢ 1 ቀድሞ ይሰጠዋል፣ የደሙ ጨው ይለካል። እዚህ ላይ የቡድን ጥቅም ይታያል። «ስንት ቀን አልበላም?» የሚለውን የሚያውቀው አስታማሚው ነው፣ ጨውን የሚለካው ላቦራቶሪው፣ ሲኒውን የምትሰጠው ነርሷ። ሦስቱን የሚያገናኝ ከሌለ ደግ አክስት ፔርሙስ ሙሉ ገንፎ ይዛ መጥታ የወንድሟን ልጅ ልትጎዳው ትችላለች።

ብቅል

አዳማ የጂቡቲ መንገድ መተላለፊያ ናት፤ በአካባቢው ሆስፒታሎች ጭንቅላቱን ተመትቶ መዋጥ ያቃተው የአደጋ ተጎጂ አይታጣም። ለእንዲህ ያለ ሰው በአፍንጫው በኩል ወደ ጨጓራው ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ፋብሪካ የሠራው የቱቦ ምግብ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይገኝም። ስለዚህ ቤተሰብ አጥሚት ያመጣል፤ እህት ወይም ሚስት በመርፌ ቀፎ ቀስ እያለች ትገፋዋለች። ይህን ያየ ሰው አይረሳውም፤ አጥሚቱን ሦስት ጊዜ በነጠላ ጫፍ አጥልላ፣ አሁንም ቱቦው ሲደፈን ውሃ የምትጨምር ሴት።

ውሃው ነው ችግሩ። በቱቦ እንዲያልፍ የቀጠነ አጥሚት በሊትር ውስጥ የሚይዘው ዱቄት 50 ግራም ቢሆን ነው። ጉልበቱ ከግሉኮሱ ከረጢት እምብዛም አይሻልም። ዱቄቱን ስትጨምረው ይወፍራል፣ ቱቦው ይደፈናል። ወፍራም ከሆነ አያልፍም፣ ቀጭን ከሆነ አይጠቅምም።

ጠላ የምትጠምቅ ሴት የዚህን መፍቻ ታውቀዋለች። ብቅል። የበቀለ እህል ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ነገር አለ፤ ዱቄትን የሚያወፍረውን ረጅም የስታርች ሰንሰለት እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይቀይረዋል። ወፍራም ገንፎ ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ዓይን እያየው ይቀጥናል፤ ጉልበቱ ግን ያው ነው። በዚህ መንገድ አንድ ሊትር እስከ አራት እጥፍ ዱቄት ይዞ አሁንም ሊፈስ ይችላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲታከልበት ሌላ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው። የሚፈላ ገንፎ ላይ ከተጨመረ አሚሌዙ ይሞታል፤ ከቀጠነ በኋላ ደግሞ መልሶ መፍላት አለበት፣ ብቅል ሲበቅል ጀርምም አብሮ ይራባልና።

ይህን አንብበው ነገ ሆስፒታል ላለ ወንድምዎ ብቅል ይዘው እንዳይሄዱ። ለቱቦ የሚሆነው መጠን፣ የታካሚው ኩላሊት፣ ስኳር በሽታ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። እኔ የምለው ቡድን ያለበት ሆስፒታል ይህን ከአስታማሚዋ ጋር ቁጭ ብሎ ይሠራዋል ነው። ቡድን የሌለበት «አጥሚት አምጡ» ብሎ ይሸኛታል።

ከረጢቱና ሚዛኑ

ስለ ምግብ ድጋፍ ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በደም ሥር በሚሰጠው ምግብ ላይ ነው፤ ነጭ፣ ወተት መሳይ ከረጢት። ዘመናዊ ይመስላል፣ ፎቶም ያምርበታል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንጀቱ ጨርሶ ለማይሠራ ሰው ሌላ አማራጭ የለውም፤ የሚሠራ አንጀት ላለው ግን ውድና አደገኛ ነው። በስዊዘርላንድ ስምንት ሆስፒታሎች ከ2,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት ለግማሾቹ ባለሙያ መድቦ በዋናነት በአፍ የሚበላውን ምግብ እየለካ አስተካከለላቸው። በ30 ቀን ውስጥ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ከመቶ 10፣ ከእነዚህ ከመቶ 7 ሞቱ። ልዩነቱ የመጣው በዋናነት በአፍ ከተበላ ምግብና ከቆጠራ ነው።

እኛ ዘንድ የቡድን መጀመሪያ ሊሆን የሚገባው ሚዛን ነው። ሚዛኑም አካባቢውን ማወቅ አለበት። በሸለቆው ያለው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የወንጂን ስኳር እርሻ ሠራተኞች ጨምሮ በአካባቢው ውሃው አጥንት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጽፈውበታል። ጀርባው የጎበጠ አዛውንት ቁመቱ ሲለካ አጥሮ ይገኛል፤ ክብደት ለቁመት ሲካፈል ከሲታው ሰው «ደህና» ሆኖ ይወጣል። ለእሱ የክንድ ዙሪያ መለካት ይሻላል። የውጭ አገር ቅጽ ይህን አይነግረንም።

የውጭው ቅጽ የማያውቃቸው ሁለት የቡድን አባላትም አሉን። አንዱ አስታማሚው ነው፤ አዋቂ ታካሚዎቻችንን በአብዛኛው የሚያበላው እሱ ነው፣ ስለዚህ ቆጣሪም ሊሆን ይችላል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጠው። ሌላው የንስሐ አባት ወይም ኢማሙ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ የሚጾም ታካሚ ብዙ ነው፤ ለሐኪም ግን አይናገርም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ፈቃዱን ከነጭ ጋዋን ይልቅ ከሚያከብረው ሰው አፍ ሲሰማ ይቀበለዋል። አንዲት ነርስ «አዴ፣ ጾመኛ ነዎት?» ብላ ብትጠይቅ አንድ ሙሉ የላቦራቶሪ ምርመራ የማያሳየውን ታገኛለች።

አስታማሚ ሆነው የሚገቡበት ቀን ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርምና፣ ታማሚዎ በገባበት ሰዓት እንዲመዘን ይጠይቁ፤ ቁጥሩን በእጅዎ ይጻፉት። ሲበላ የበላውን፣ ሲከለከል የተከለከለበትን ሰዓት አብረው ይጻፉ። ቀዶ ሕክምናው ከተላለፈ «እስከ ስንት ሰዓት መብላት ይችላል?» ብለው ወዲያው ይጠይቁ፤ ማንም ቀድሞ ላይነግርዎ ይችላል።

አጎቴ በስድስተኛው ቀን ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፤ ዳነም። ዛሬ መቂ ላይ ሽንኩርት ይነግዳል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ኩንታል ሲመዝን ይውላል። በዚያ ሳምንት እሱ ራሱ ስንት ኪሎ እንደከሳ ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም።